ላንካስተርና ዮርክ በእኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ቀን የታሪክ አስተማሪዬ ሚስ ኬለር ከክፍል አስቀርታ አነጋገረችኝ። ከወላጆቼ ጋር በዲቪ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። እንግሊዝኛዬ እስኪሻሻል ታሪክን ቋንቋ ከሚማሩት ልጆች ጋር ብወስድ እንደሚሻል ነገረችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። አንድ ዕድል እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ትንሽ አሰበችና ሰጠችኝ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተዘጋጅቼ፣ ላንካስተርና ዮርክ የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ ንጉሣውያን ቤተሰቦች ለዙፋን ሠላሳ ዓመት ያህል የተላለቁበትን ጦርነት ለክፍሉ እንዳስረዳ ነገረችኝ። እያንዳንዱ ውጊያ ጦርነቱን ወዴት እንደወሰደው መናገር ነበረብኝ።

አባቴ ደብረ ብርሃን የታሪክ አስተማሪ ነበር። እዚህ ግን በአቅራቢያችን ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ ከሥራ ሲገባ እጁ በረኪና በረኪና ይሸታል። ከላይብረሪ የተዋስኩትን ወፍራም መጽሐፍ ሲያይ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ዝም ብለሽ አትሸምድጂ» አለኝ። «በየውጊያው ሁለት ነገር ጠይቂ። ማን ሞተ? ልጁስ የት ነበር?»

ከዚያ ሽምብራውን ዮርክ፣ ምስሩን ላንካስተር አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አሰለፋቸው። ዌክፊልድ በተባለው ቦታ የዮርኩ መስፍን ተገደለ፤ ራሱን ቆርጠው፣ የወረቀት ዘውድ ደፍተውለት ከዮርክ ከተማ በር ላይ ሰቀሉት። ትልቁ ልጁ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ሌላ ቦታ ጦር ይሰበስብ ነበር። በሦስተኛው ወር ይኸው ልጅ ታውተን ላይ፣ በረዶ እየጣለ ላንካስተሮችን ገጠማቸው። ነፋሱ ከዮርኮች ኋላ ስለነበር ፍላጻቸው ርቆ ሄደ፤ የላንካስተሮቹ ግን ሳይደርስ ወደቀ። ለበረዶው ዱቄት በተንን። እናቴ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ስታየን ቆየችና «ነገ ምስር ልሠራ ነበር፤ ጦሩን የምትመልሱልኝ መቼ ነው?» አለች። ቆይታ ግን እሷም ወንበር ሳበች። በየቀኑ ሦስታችንም መጽሐፉ ላይ ተጎንብሰን ቃል እንፈታ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ገና «ዌክፊልድ» ስል ከኋላ አንዱ በአነጋገሬ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። የጻፍኩት ሁሉ ከዓይኔ ጠፋ። ለመቀመጥ ሁለት እርምጃ ሄጄ ነበር፤ ከዚያ ተመለስኩ። ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩና ሽምብራና ምስሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ማን ሞተ? ልጁስ የት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ልጆቹ ለማየት ከወንበራቸው ተነሡ። ባርኔት ከተባለው ውጊያ ስንደርስ፣ በጭጋግ የላንካስተር ወታደሮች እርስ በርሳቸው መመታታታቸውን ስነግራቸው የሚስቅ አልነበረም። አንዱ ድል ሌላውን ውጊያ ሲወልድ፣ የሞተው አባት ልጅ ጦር ይዞ ሲመጣ እያዩ ነበር።

ሚስ ኬለር «ታዲያ ጦርነቱ ከቦዝወርዝ ውጊያ ላይ ለምን ቆመ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«እዚያ የሞተው ንጉሥ ልጅ አልነበረውም» አልኳት። «የላንካስተር ወገን የነበረው አሸናፊ ደግሞ የዮርኮችን ልጅ አገባ።»

በዚያው ክፍል እንድቆይ ፈቀደችልኝ።

አባቴ የጠየቀኝ ስለ ውጤቱ አልነበረም። «ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በቀጣዩ ወር ለመምህርነት ፈቃድ ፈተና ተመዘገበ። ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ በሦስተኛው አለፈ። ጡረታ የወጣው ታሪክ ሲያስተምር ቆይቶ ነው።

ዛሬ እኔም እናት ሆኜ አሌክሳንድሪያ ልጅ አሳድጋለሁ። ልጄ ስለማንኛውም ጦርነት ሲጠየቅ ካርታውንም ሥዕሉንም በስልኩ በደቂቃ ያገኛል። በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። ስለቀለለው ደስ ይለኛል። ያኔ ግን አንድ ገጽ ሦስት ሰው ያሰባስብ ነበር፤ አሁን ሁላችንም በየጥጋችን የየራሳችንን ስክሪን እናያለን። ባለፈው ቅዳሜ የቤት ሥራውን ሲሠራ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ዋት፣ ማሚ?» አለኝ።

«ምንም፤ ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አልኩት።

አነበበልኝ።