ጡጫ የሚገባበት አሸንዳ

ለጣራዬ አሸንዳ ልገዛ ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ቆርቆሮ ሠሪው ዘንድ ቆሜያለሁ። የልጄ አልጋ ከጭቃው ግድግዳ ሥር ነው፤ ክረምቱም ደርሷል።

"ሰፊውን? ዓባይን ልታወርጂበት ነው እንዴ፣ እታለም?" ብሎ ሳቀብኝ።

የአዲሱ ቆርቆሮ ሽታ አያቴን አስታወሰኝ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ጠባብ አሸንዳ ሰቀለ። አያቴ "ጡጫ ካልገባበት በረዶ ይደፍነዋል" ቢሉትም አልሰማም። ሐምሌ ላይ በረዶው ደፈነውና ውኃው በግድግዳው ወረደ። አያቴ እርጥቡን ግድግዳ በጀርባቸው ደግፈው "አይዟችሁ ልጆቼ፣ ይዤዋለሁ" አሉን። ጭቃው በጋቢያቸው ላይ ይወርድ ነበር።

ጡጫዬን ሰፊው አሸንዳ ውስጥ ከተትሁት። ገባ። ግን የእኔ ጡጫ የአያቴን አያህልም።

"ከዚህ የሰፋ የለህም?" አልሁት።