ያለ ጥፋት የተጠራ ወላጅ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከአንድ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት የልብስ ስፌት መኪናዬን ዘርግቼ መሥራት ከጀመርኩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለስድስት ልጆች አባት፣ ለሦስት ደግሞ አጎት ሆኛለሁ። ከነዚህ ውስጥ አንዱንም አልወለድኩም። «ወላጅ ይዘህ ና» የተባለ ተማሪ የገዛ አባቱን ከሚጠራ እኔን መለመን ይቀለዋል፤ እኔ ደግሞ ልጅ ሲለምነኝ እምቢ ማለት አላውቅበትም። ሜትሬን ከአንገቴ አወርድና ባለቤቱ ያልወሰደው ኮት ካለ ደርቤ እገባለሁ። ዘበኛው ፍቅሩ ጉዳዩን ስለሚያውቅ እየሳቀ በሩን ይከፍትልኛል። ውስጥ ገብቼ «ቤት እንገናኛለን!» ብዬ ልጁን እቆጣለሁ፣ ፈርሜ እወጣለሁ። የራሴ ልጅ ጸደንያ እዚያው ግቢ ትማራለች። ጨዋ ልጅ ስለሆነች ጠርተውኝ አያውቁም፤ ስላልጠሩኝም ለእሷ ብዬ ገብቼ አላውቅም።

ይህን የማወራው ስለ እትዬ ቆንጅት ልነግራችሁ ብዬ ነው። የእሳቸውን ደግነት ያለ እኔ ነውር መናገር ስለማይቻል ትንሽ ታገሡኝ።

እትዬ ቆንጅት የደብረ ሲና ሰው ናቸው። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ሒሳብ ሊያስተምሩ ወደዚህ ቆላ ተመደቡ፤ ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ «ይህን ሙቀትስ አልለምደውም» እያሉ ኖሩ። ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው አይለይም። ድምፃቸው ከሦስት ክፍል ማዶ ይሰማል። ጎበዝ መምህር ነበሩ፣ ይህን ማንም አይክድም፤ ግን ይፈሩ ነበር። በዚያ ግቢ «ወላጅ ይዘህ ና» የሚለውን ቃል እንደ እሳቸው አዘውትሮ የተናገረ ሰው ያለም አይመስለኝም።

ካቻምና ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ ዙልፋ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ልጅ መኪናዬ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ጋሽ ጌታሰው፣ አባቴን ይሁኑልኝ» አለችኝ።

ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቀርታ ነበር። እስከ ዐርብ ወላጇ መጥቶ ካልፈረመ ስሟ እንደሚሰረዝ እትዬ ቆንጅት ነግረዋታል። አባቷ ሙሄ በጀውሃ መንገድ ማሽላ ያርሳል። ግሪሳ የሚባለው ወፍ መጥቷል፤ እሱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ ለቀማ ላይ ስለሆነ ማማው ላይ ወጥታ ወፍ የምትጠብቀው እሷ ናት። «ትምህርት ቤት ጠርቶሃል ብዬ ብነግረው፣ ‹ከጠሩኝማ አጥፍተሻል፣ በቃሽ› ይለኛል» አለችኝ። ብትጠራውም ትምህርቷ ያበቃል፤ ባትጠራውም ያበቃል።

እንግዲህ ሙሄን ለመምሰል ኮፍያ ፈልጌ አጠለቅሁና ዙልፋን አስከትዬ ገባሁ። እትዬ ቆንጅት በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

«አቶ ሙሄ» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «ያ የቀሚሴ ዚፕ ተቀየረ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔን ግን ተዉኝና ዙልፋን «አባትሽን ለምን ፈራሽ?» ብለው ጠየቋት።

«አባቴ ክፉ ሰው አይደለም» አለች ልጅቱ፣ «ግን ትምህርት ቤት ሰው የሚጠራው ጥፋት ሲኖር ብቻ ነው።»

እትዬ ቆንጅት መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ «ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ወላጅ እንኳ ለደግ ነገር ጠርቼ አላውቅም» አሉ። ጃንጥላቸውን አነሱና «ተነስ፣ መንገዱን አሳየኝ» አሉኝ።

በባጃጅ ሄድን። እውነቱን ልናገርና የዚያን ቀኑ ነገር አላማረም። ሙሄን ማሳው ዳር እንዳገኙት ጣታቸውን ቀስረው ስለ ደንቡ፣ ስለ ቀረችባቸው ቀናት፣ ስለ ክልል ፈተና ያስረዱት ጀመር። እንደ ተማሪ አቁመው ገሠጹት ማለት ይቀላል። ሙሄ ትልቅ ሰው አክባሪ ነውና እስኪጨርሱ ጠበቃቸው።

«እትዬ፣ እኔ ተማሪዎ አይደለሁም» አላቸው በመጨረሻ። «ይህን ማሽላ ወፍ ከጨረሰው ወላሂ ልጆቼን የሚያበላልኝ ደንብዎ አይደለም።»

እትዬ ቆንጅት የቀሰሩትን ጣት አጠፉ። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ «እውነቱን ነው» አሉኝ። «አስረዳሁት እንጂ አንድ ነገር አልጠየቅሁትም።» እኔ ነገሩ በዚሁ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

በነጋታው ሐሙስ ነው። ፈቃድ ጠይቀው ገና በማለዳ መጡና መኪናዬን አስዘጉኝ። ማሳው ስንደርስ ዙልፋ ማማው ላይ ናት። «ውረጂ፣ ክፍል ግቢ» አሏትና በመጣንበት ባጃጅ ላኳት። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፤ የስልሳ ዓመት ጎረቤት የሆኑት እትዬ ቆንጅት ያንን የእንጨት ማማ ወጡት። እኔ ከታች ሆኜ በእናትዎ ይውረዱ እያልኩ እለምናለሁ። እሳቸው ጃንጥላቸውን ዘረጉና ባዶ ጣሳ እየደበደቡ «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!» ብለው ጮኹ። ስምንተኛ ክፍልን ጸጥ የሚያሰኘው ያ ድምፅ ግሪሳውንም አስነሳው። እርግጥ ወፉ ዞሮ በሌላው ጫፍ አረፈ፤ እሳቸውም ዞረው ጮኹ።

ሙሄ ከማሾው ማሳ ሲመጣ ማማው ላይ ጥቁር ጃንጥላ አየ።

«ሱብሃነላህ! እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ልጅዎ ክፍል ገብታለች። የእሷን ፈረቃ ይዤ ነው» አሉት።

ይውረዱ ቢላቸው እምቢ አሉ። ፀሐዩ ሲበረታ ወፉ ወደ ዛፍ ጥላ ስለሚገባ ያን ጊዜ ወረዱ። ፊታቸው ቀልቷል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል። ሙሄ ውሃ አቀረበላቸውና ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለ።

«እስቲ ይንገሩኝ፣ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ከክፍሏ በሒሳብ አንደኛ መሆኗን ልነግርዎ።»

ሙሄ ፊቱን ወደ ማሽላው አዞረ። ተመልሶ ሲያየን ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ይህን የነገረኝ ሰው የለም» አለ።

«አልነገርኩዎትም። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉት። ከዚያ ወዲያ ምክር የሚባል ነገር ከአፋቸው አልወጣም። ጠየቁት ብቻ። ወፉ በስንት ሰዓት ይበረታል? ጎረቤትዎስ ማሳውን ማንን ነው የሚያስጠብቀው? ሙሄ ሲመልስ ሲመልስ ቆየና፣ «ለካ ጎረቤቴ ሱፍዋንም ልጁን አስቀርቶ ነው የሚያስጠብቀው። እኔና እሱ ሁለቱን ማሳ በየተራ ብንጠብቅስ?» አለ። መላውን ያገኘው ራሱ ነው። እትዬ ቆንጅት «ጥሩ አሰቡ» ብቻ አሉት።

ዐርብ ጠዋት ሙሄ አዲስ ሸሚዙን ለብሶ መጣና መኪናዬ ፊት ቆመ። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«እኔን የሆንከው አንተ ነህ?» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ገባ፤ ቀስ ብሎ በራሱ እጅ ፈረመ። ፍቅሩ እንደነገረኝ፣ ከዚያ ዙልፋ የምትቀመጥበትን ዴስክ አሳዩኝ ብሎ ለጥቂት ጊዜ ተቀምጦበት ወጣ። ልጅቱ ዛሬ ዐሥረኛ ክፍል ናት።

እትዬ ቆንጅት ሚያዝያ ላይ ጡረታ ወጡ። ደብረ ሲና እህቶቻቸው ክፍል አዘጋጅተውላቸዋል፣ ያ ሠላሳ ሰባት ዓመት የናፈቁት ብርድ ይጠብቃቸው ነበር፤ አልሄዱም። ሐሙስ ሐሙስ ከዐሥር ሰዓት በኋላ መኪናዬ አጠገብ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ወላጆችን ይሰበስባሉ። ከጀውሃ ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ከአጣዬም የሚመጣ አለ። ጥፋት ያለበት ልጅ ወላጅ ብቻ ይምጣ አይሉም፤ ማንም ይመጣል። ገና ሰው እንደተቀመጠ «ልጅዎ ምን ሲያደርግ ደስ ይለዋል?» ይሉታል። ብዙው ሰው የልጁን ጥፋት በቃሉ ያውቃል፤ ይህቺን ግን ያጣታል። እሳቸውም አይቆጡም፣ «ሳምንት ይንገሩኝ» ይላሉ። ያን የመሰለ ኃይለኛ ሰው ሲያዳምጥ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም። ሙሄ አንድም ሐሙስ ቀርቶ አያውቅም።

በቀደም ሐሙስ ሰዉ ሲበተን ወደ እኔ ዞሩ።

«ጌታሰው፣ አንተስ?»

«እኔማ የስንቱ አባት!» ብዬ ሳቅሁ።

«የጸደንያን ንገረኝ።»

መኪናዬን አቆምኩ። የወገቧን ልክ፣ የእጅጌዋን ርዝመት አውቃለሁ፤ ዩኒፎርሟን የምሰፋው እኔ ነኝ። ምን እንደምትወድ ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚሉት ለካ ለእኔ ነው። እትዬ ቆንጅት ጃንጥላቸውን አነሱና «ሳምንት ትነግረኛለህ» ብለውኝ ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት የሰው ኮት አልደረብኩም። ሜትሬም ከአንገቴ ላይ ነው፣ ማውረዱን ረስቼዋለሁ። ፍቅሩ ሲያየኝ ገና ከሩቁ ሳቀ።

«ዛሬ ደግሞ የማን አባት ነህ?»

«የጸደንያ» አልኩት።

ሳቁን ተወውና በሩን ከፈተልኝ። «ምነው፣ ምን አጠፋች?» አለኝ።

«ምንም አላጠፋችም» አልኩትና ገባሁ።