የሐጂ አቂቅ

የያዙኝ ከሥራ ቦታዬ ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ሰው መታሰር ያለፈበት ነገር ይመስለን ነበር። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ካርጎ ክፍል ውስጥ ወደ ውጭ የሚላኩ የከበሩ ድንጋዮችን እፈትሽ ነበር። ድንጋይ አይቶ፣ ዓይነቱን ጽፎ መፈረም፣ እንጀራዬ ይኸው ነው። የዚያን ሰሞን ሌላ ወረቀት ላይም ፈረምኩ፤ የታሰሩ የሥራ ባልደረቦቻችን ይፈቱ የሚል ደብዳቤ ላይ። ሁለት ሰዎች መጡና "ለአምስት ደቂቃ እንፈልግህ ነበር" አሉኝ። አምስቱ ደቂቃ ሰባት ወር ፈጀ።

የወሰዱኝ ሩቅ አልነበረም። ግቢው የሆነ ሀብታም ሰው ይኖርበት የነበረ ቪላ ነው፤ እኛን ያጎሩን ከኋላ ካለው ሰርቪስ ቤት። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። መስኮቱን በብሎኬት ደፍነውታል። ክፍሉ ሽንትና የረጠበ ፍራሽ ይሸታል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ውስጥ እግራቸው አብጦ ቆዳው ተገሽልጧል።

"ግባ ልጄ፤ ቤት ለእንግዳ" አሉኝ።

የወሎ ሰው ናቸው፤ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። ሰው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ሰፈራቸው ሲፈተሽ ከብዙ ሰው ጋር ታፍሰው መጡ፤ ሌሎቹ ሲለቀቁ እሳቸው በቀለበታቸው ምክንያት ቀሩ። ቀለበቱ የብር ነው፣ ቀይ ፈርጥ ያለበት፤ አባታቸው ከመካ ሲመለሱ ያመጡላቸው። መርማሪው አየውና ሩቢ ነው አለ። የቅመም ነጋዴ ሩቢ ከየት ያመጣል? ውጭ ያሉ ተቃዋሚዎች ሸጦ እንዲያከፋፍልላቸው ልከውለት ነው አለ። ማን እንደሰጣቸው እንዲናገሩ አራት ቀን ገርፈዋቸዋል። ቀለበቱን በሳሙና ነበር ያወለቁት፤ ጣታቸው ላይ የነበረበት ቦታ ነጭ መስመር ሆኖ ቀርቷል።

ድንጋዩ ምን እንደሚመስል ጠየቅኋቸው። ቀይ ነው፣ ግን ፀሐይ ላይ ሲይዙት ደመና ያለበት ይመስላል፤ ወዙም የሰም ነው። "አቂቅ ነው" አሉኝ፣ "እኛ ዘንድ ስንቱ ያደርገዋል።"

ሳቄ መጣ። ተቀምጬ አስረዳኋቸው። ቀይ ሁሉ ሩቢ አይደለም። ስፒኔል የሚባል አለ፣ ሩቢ መስሎ ነገሥታትን ሳይቀር ያታለለ። ጋርኔት አለ፣ የሮማን ፍሬ የመሰለ፣ በእኛም አገር የሚገኝ። ቀይ ብርጭቆም አለ። አቂቅ ደግሞ ያምራል እንጂ እዚህ ግባ የሚባል ዋጋ የለውም። ሐጂ ፊታቸው በራ። ይህንን ብትነግራቸው ይለቁኝ ይሆን አሉ። ወዲያው ነዋ አልኳቸው።

አይ የኔ ነገር! አፌን ዘግቼ ብቀመጥ ምን ነበረበት። በሩን ደበደብኩና መርማሪውን ማነጋገር እፈልጋለሁ አልኩ። ጠባቂው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ በገዛ ፈቃዱ ልመርመር ያለ ሰው አይቶ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችንንም ጠሩን። መርማሪው ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ። እኔን "ባለሙያው" ይለኛል፣ አባቱ የሚሆኑትን ሰው "አንተ" ይላቸዋል። ጠረጴዛው ላይ ቀለበቱና ከሌሎች እስረኞች የተወሰዱ ሁለት ቀያይ ድንጋዮች አሉ። ስያዝ የቀሙኝን ማጉያ መነጽር መለሰልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ይኼኛው ጋርኔት ነው አልኩ። ይኼኛው ብርጭቆ ነው፣ ውስጡ የአየር አረፋ አለ። የሐጂ ደግሞ እሳቸው እንዳሉት አቂቅ ነው።

"ሩቢ አይሰበርም አይደል?" አለኝ።

ይሰበራል አልኩት። ጥንካሬው የሚለካው ሌላ ድንጋይ በመጫሩ እንጂ በመዶሻ አይደለም፤ ስለዚህ ቢሰበርም ባይሰበርም ምንም አያሳይም። እንደ ጅል አስተምረው ነበር። ከመሳቢያው መዶሻ አወጣና ፊቴ አስቀመጠው። እውነተኛ ከሆነ አይሰበርም፣ ምታው አለኝ። እጄን አላነሣሁም። ከሐጂ ጀርባ የቆመው ወታደር ያበጠ እግራቸውን በቡትስ ጫማው ረገጠው፤ ሐጂ ከንፈራቸውን ነከሱ።

"ምታው ልጄ" አሉኝ፣ "ምታውና ይልቀቁን።"

ሁለቴ መታሁት። አቂቅ እልኸኛ ነው፣ ፍንክች አላለም። መርማሪው ፈገግ ማለት ጀመረ፤ ካልተሰበረ ሩቢ ነው ሊል ነው። ሦስተኛውን ባለ በሌለ ኃይሌ አሳረፍኩት። ድንጋዩ ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ ብሩም ተጣመመ። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መርማሪው ስብርባሪውን በእስክሪብቶው ገፋ ገፋ አደረገ።

"ጥሩ" አላቸው። "ይሄ አቂቅ ከሆነ፣ ሩቢውን የት ደበቅኸው?"

ሐጂን ወደሚቀጥለው ክፍል አስገቧቸው። እኔን እዚያው ወንበር ላይ ተዉኝ፣ እንድሰማ። ሲገርፏቸው ቆዩ። እኔው ነኝ በር ደብድቤ ያመጣሁባቸው።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ወረቀት አቀረበልኝ፤ ሻይ ሳይቀር አስመጣልኝ። ከሽማግሌው የተያዘው ድንጋይ ሩቢ መሆኑን እንደ ባለሙያ ጽፈህ ፈርም፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ አለ። ስብርባሪውን ደግሞ ማን ያየዋል አለኝ። ቤቴ የሁለት ወር ሕፃን አለችኝ። እስክሪብቶውን አነሣሁ። ፈለግሁ፤ አልዋሽም፣ በጣም ፈለግሁ። ከዚያ ግን፣ ካርጎ ክፍል በየቀኑ እንደምሞላው ቅጽ አድርጌ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍኩ።

"ዓይነት፦ አቂቅ። ቀለም፦ ቀይ። ሁኔታ፦ ሲቀርብልኝ ሙሉ ነበር፤ ታዝዤ እኔ ሰበርኩት።"

ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ሁለቴ አነበበው። ሻዩን ፊቴ ላይ ደፋው። የቀረውን አልዘረዝርም፤ ግራ ጆሮዬ ዛሬም በደንብ አይሰማም። ሐጂን በሦስተኛው ቀን በመኪና ወሰዷቸው፤ ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም።

ከተፈታሁ በኋላ ሾላ እየሄድኩ ሱቃቸውን ከሩቅ አይ ነበር። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው፤ ከዘራ ይዘዋል። መቅረብ ፈራሁ። ከጎረቤታቸው ኮረሪማ ገዝቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል፣

"ልጄ" አሉኝ፣ "እኔ እያለሁ ከሰው ትገዛለህ?"

የበርበሬው ከረጢት ላይ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሰው ቆሞ ሲያየኝ፣ ሐጂ "በርበሬው ነው፣ በርበሬው ነው" እያሉ መለሱልኝ።

ሐጂ ካረፉ ቆዩ። አሁን ኦሎምፒያ አካባቢ ትንሽ ቢሮ አለችኝ። ሰዎች ቀይ ድንጋይ ይዘው ይመጣሉ፤ ሩቢ ነው ወይስ አይደለም ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ ገና ከእጃቸው ሳልቀበል አውቀዋለሁ፤ ግን ቶሎ አልመልስም። ዋጋ ልቆልል የፈለግሁ ይመስላቸዋል። መጀመሪያ የማን እንደሆነ፣ ባለቤቱ አሁን የት እንዳለ እጠይቃለሁ። መልሳቸው ካላማረኝ፣ አላውቀውም ብዬ እመልሳቸዋለሁ።