ጭቃውና የአባቴ እግር

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ወስደው ያሰሩኝ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ወለሉ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ነበር፤ የነቀዘ በቆሎ ይሸታል። ሞርሲቶ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ጥፋቴ መፈክር ሲባል እጄን አለማንሳቴ ነው፤ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ በየቤቱ መሰብሰባችንም ተጨምሮበታል። በሩ ላይ ዘበኛው ቀበቶዬንና ጫማዬን አስወለቀኝ። ቀበቶው ግድ አልሰጠኝም። ጫማው ግን አስጨነቀኝ።

አባቴ ዝሆኔ ነበረበት። ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በታች አብጠው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክረው ነበር። አክስቴም እንዲሁ። በእኛ አገር ይህ በሽታ ካለበት ቤት ጋር ማንም መጋባት አይፈልግም፤ ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘር ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ የክሊኒክ ድሬሰር "ቀዩ አፈር ነው የሚቀሰቅሰው፤ ጫማህን አታውልቅ" ስላለኝ፣ ከዚያ ወዲህ በባዶ እግሬ ሄጄ አላውቅም። ስታሰር አጭቼ ነበር። አባቴ ኖሮ የሞተው ከሞርሲቶ ርቆ፣ ቦኖሻ ስለሆነ የእጮኛዬ ቤተሰቦች ነገሩን አያውቁም። ታላቅ ወንድሟ ግን ከእኔ ጋር ተይዞ አጠገቤ ነው የሚተኛው።

አንድ ቀን ጠዋት ለቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ጭቃ እንድናቦካ ወሰዱን። ጉድጓዱ ውስጥ ቀይ አፈር፣ ጭድና ውሃ ተጨምሯል። የቀበሌው ካድሬ ዳር ቆሟል።

"ጫማዬ ይሰጠኝ" አልኩት።

"ጭቃ በጫማ ይረገጣል እንዴ፣ መምህር?"

ወይ እግሬን ወይ እጮኛዬን ማጣቴ ነው። የእጮኛዬ ወንድም አጠገቤ ቆሞ እየሰማ ተናገርኩት። "አባቴ ዝሆኔ ነበረበት። አፈሩ ይቀሰቅስብኛል።"

ሁሉም ዘወር ብለው አዩኝ። ካድሬው ሳቀ። "በዘርህ ካለማ አፈሩ ምን አደረገ? ግባ!"

ዘበኛው ገፈተረኝ። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር፤ በጣቶቼ መካከል ሽቅብ ይወጣል። ምስጢሬንም አወጣሁ፣ ከጭቃውም አልዳንኩም።

ስንመለስ የእጮኛዬ ወንድም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለምን አልነገርከንም?" አለኝ።

"ብነግራችሁ እህታችሁን ትሰጡኝ ነበር?"

ሰሌኑን ጠቅልሎ ወደ ግድግዳው ሄደ።

በቀን አንድ አንድ ጣሳ ውሃ ይደርሰን ነበር። የእኔን ሳልጠጣ ተቀመጥኩና እግሬን አጠብኩበት፤ ጣቶቼን እያላቀቅሁ፣ ሳልቸኩል፣ ሁሉም እያዩኝ። በሸሚዜ አደረቅሁት።

"የመጠጥ ውሃ እኮ ነው" አለኝ የእጮኛዬ ወንድም ከግድግዳው ስር።

"ድርሻዬ ነው" አልኩት።

እስክፈታ ድረስ ጭቃ በረገጥኩ ቁጥር እንዲሁ አደረግሁ። ጉሮሮዬ ደርቆ ያደርኩበት ቀን ብዙ ነው።

እሱ ቀድሞኝ ተፈታ፤ ወሬውም ቀድሞኝ ሞርሲቶ ደረሰ። ስወጣ እጮኛዬን ለሌላ ድረዋታል። እሷን አልወቅስም። እሱን ግን፣ በየእሁዱ ስለ ይቅርታ እየሰማሁም፣ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ቀኝ እግሬ ማበጥ የጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው። በቅርቡ ያየችኝ ሐኪም "ከአባትዎ የወረሱት በሽታውን ሳይሆን ተጋላጭነቱን ነው፤ አፈሩ ባያገኘው ተኝቶ ሊቀር ይችል ነበር" አለችኝ። ያመጣው የእስር ቤቱ ጭቃ ብቻ ነው ብላ ግን መማል አልቻለችም። ታናሽ ወንድሜ የዚያው አባት ልጅ ነው፤ ጫማውን ማንም አላስወለቀውም፤ እግሩ ደህና ነው።

ዛሬ መናኸሪያው አካባቢ ሳነክስ የሚያዩኝ "የአባቱ ነው፣ በዘሩ ነው" ይባባላሉ። አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ይኸው ዛሬም ይወቀሳል። ካድሬውን ግን አንድም ሰው አያነሳውም።