የሙቀቱ መርፌና የእናቴ ክር

የፈላ ዝገት ሽታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ባለፈው ወር ባሕር ዳር ላይ ከፊቴ የነበረ አሮጌ ሚኒባስ ኮፈኑ ተከፍቶ ሲንተከተክ፣ ያ ሽታ በመስኮቴ ሲገባ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር እናቴን ደግፌ የቆምኩ መሰለኝና፣ ከኋላዬ ያሉት ጥሩምባ እስኪነፉብኝ ድረስ መንዳቱን ረስቼ ቀረሁ።

አባቴ መንግሥት ሲለወጥ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ወደ አገሩ ወደ ቡሬ የተመለሰ ሾፌር ነበር። ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሥራ ስላልነበረው፣ ከወንድሞቹ ጋር ተጋግዞ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ፣ በርበሬና በቆሎ ከገበያ ገበያ ያመላልስባት ነበር። ማታ አጥቧት፣ ጠዋት ወልውሏት፣ ሲቀመጥም እሷን በሚያይበት በኩል ስለሚቀመጥ እናቴ መኪናዋን «ጣውንቴ» ትላት ነበር። «ጣውንቴ ዛሬ ደህና አደረች ወይስ ተቆጣች?» ትለዋለች፤ እሱም እየሳቀ «ተቆጥታለች፣ ውሃ ስጭልኝ» ይላታል።

ቁጣዋ መፍላቷ ነበር። ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ፣ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ዳገት ስትወጣ ትፈላና፣ በርበሬ የጫኑት ሰዎች ዝናብ ላይ ወርደው እያጉረመረሙ ይጠብቁ ነበር። የሙቀት መለኪያዋ ሳትገዛ ጀምሮ የሞተ በመሆኑ አባዬ ሙቀቷን የሚያውቀው በመዳፉ ነበር፤ በየዳገቱ ጫፍ ቆሞ ኮፈኗን ዳስሶ፣ ከማትለየው ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልቶላት ይቀጥላል። ግንባሬ ሲግል እኔንም የሚዳስሰኝ በዚያው እጁ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ባሕር ዳር ወርዶ ሙቀት የምታሳይ መርፌ ያላት አንዲት ክብ ጌጅ፣ አንድ ጥቅል ሽቦና የሞተሩን ሙቀት ለጌጇ የምታስተላልፍ፣ አውራ ጣት የምታክል የናስ ሴንሰር ይዞ መጣ። ዕለቱኑ ሊገጥማት እጀታውን ሲሰበስብ እማዬ ዛሬ ማርያም ናት ብላ ከለከለችውና፣ ጌጇን ራስጌው አድርጎ አደረ። በማግሥቱ የራዲያተሩን ውሃ አፍስሶ፣ ከሞተሩ ራስ ላይ አንዱን ቡሎን ፈትቶ ሴንሰሯን በቦታው አሰረ፤ ሽቦዋን ወደ ውስጥ አሳልፎ መሪው አጠገብ ካስቀመጣት ጌጅ ጋር አገናኘ። ውሃውን መልሶ ሲሞላ ግን በሴንሰሯ ጥርስ በኩል ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

አባዬ ጭንቅላቱን ሲያክ ቆየና፣ ጦር ሰፈር እያለ የውሃ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ክር በግራሶ ነክረው ይጠመጥሙበት እንደነበር ትዝ አለው። እማዬ በረንዳው ላይ ለእኔ የጥምቀት ቀሚስ የሚሆነውን ትፈትል ነበር።

«ከዚያ ክርሽ ቆረጥ አርገሽ ስጭኝ እስቲ» አላት።

«አሁንስ ጣውንቴን ላለብሳት ነው?»

«መርፌውን እኔ አመጣሁ፣ ክሩ ካንች ነው። እንግዲህ አብረን እንስፋት» አላት። ቅኔ የተቀኘ ያህል ኮራ፤ እሷም እንዝርቷ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ያን ሳቋን ብዙ ጊዜ ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ ድምፁ ይጠፋብኝና የእንዝርቱ መውደቅ ብቻ ይሰማኛል።

የአባዬ ጣቶች ወፍራምና ግራሶ የለበሱ ስለነበሩ ሴንሰሯን ለእኔ ሰጠኝ። አራት ዙር ይበቃል አለኝ። እማዬ ደግሞ ከበረንዳው ሆና «አጥብቂው የኔ ልጅ፣ እንዳታፈስ» ስትለኝ፣ እሷን ደስ ላሰኝ ብዬ የናሷ ጥርስ ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ ጠመጠምኩት። አባዬ አየው፤ «ጎበዝ!» ብሎ ግራሶ ቀብቶ አሰረው። ከዚያ ወዲያ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ሞተሩ ተነስቶ ቢቆይ፣ ቢቆይ፣ መርፌዋ ከታች ትንሽ ፈቀቅ ብላ ቆመች። አባዬ እጁን አጨበጨበ፤ «አልታመመችም እኮ! በከንቱ ስናማት ኖረናል!»

ያ በጋ እኛ ቤት እንደ ሠርግ ቤት ነበር ማለት እችላለሁ። ትምህርት በሌለኝ ቀን ጋቢና በሁለቱ መካከል ተጣብቤ እሄድ ነበር፤ ሥራዬም መርፌዋን መጠበቅ ነበር። አባዬ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «መርፌዋ?» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ እንደ ዲያቆን ድምፄን ከፍ አድርጌ «ታች ነች!» እላለሁ። ኮፈኗን መዳሰሱ ቀረ። ራዲያተሯን ከፍቶ ማየቱም እየቀረ መጣ፤ መርፌዋ ታች ሆና ምን ልከፍት ይል ነበር። ያችን ቢጫ ጀሪካንም አጥቦ ለጓዳ ውሃ መያዣ እንድትሆን ለእማዬ ሰጣት። አገሩ ደጋ፣ አነዳዱም ዝግ ያለ ስለነበር ነው መሰለኝ መኪናዋ በጋውን ሙሉ ችላን ከረመች።

ግንቦት ላይ እማዬ አጎቷ ሞቶባት ለለቅሶ ወደ ቆላው ወርዳ ሰነበተችና፣ ስትመለስ ወባ ይዛ መጣች። ሦስት ቀን አተኮሳት፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት ተነሽ ስንላት እግሯ አልታዘዝ አለ። አባዬ በጋቢ ጠቅልሎ ጋቢና አስገባትና፣ «ፍኖተ ሰላም አድርሼ መርፌ ካስወጋኋት ትነሳለች» አለኝ። እንደዚያ እያከነፈ ሲነዳ አይቼው አላውቅም።

ማንኩሳ ልንደርስ ስንል እማዬ ጭንቅላቷን ከትከሻዬ ቀና አድርጋ፣ «ሸተተኝ» አለች። «የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ።»

«መርፌዋ?» አለ አባዬ።

አየሁ። እንደ ወትሮዋ ነበረች። «ታች ነች።»

«ትኩሳቱ ነው» አለ አባዬ፤ «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ደረስን።» እሷ ግን ደግማ «ሸተተኝ እኮ» አለች፤ እኔም እንደ ሕፃን ጉንጯን እየዳበስኩ ምንም የለም አልኳት። ማንኩሳን አለፍ እንዳልን መኪናዋ አንድ ጊዜ ነጠረች፤ እንፋሎቱ መስተዋቱን ሸፈነው፣ ሞተሩም ደርቆ ቀረ። አባዬ ኮፈኑን ከፍቶ መዳፉን አሳረፈና ጮኸ፤ ቆዳው እዚያው ላይ ቀረ። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ አልነበረም።

ወዲያ ወዲህ እየሮጠ ያገኘው ባለጋሪ ብቻ ነበር። ፀሐዩ ላይ፣ ጋሪው ላይ፣ እማዬን ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ አባዬ የተላጠ እጁን አንጠልጥሎ ከጎናችን እየሮጠ ሄድን። አንድ ቦታ ላይ ዓይኗን ገልጣ «መርፌዋስ?» አለችኝ። የትኛዋን መርፌ እንደጠየቀችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሐኪም ቤቱን ይሁን የመኪናዋን። «ታች ነች፣ እማዬ» አልኳት። የፍኖተ ሰላም የቆርቆሮ ጣሪያዎች ሲታዩን ግንባሯ መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር፤ እኔ ተሻላት ብዬ ለአባዬ ነገርኩት።

አርባዋ ከወጣ በኋላ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ መኪናዋን አስጎትተን ፍኖተ ሰላም ከሚገኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። መካኒኩ ሴንሰሯን ፈትቶ አወጣትና፣ የጠቆረውን ክር በጥፍሩ እየገፈፈ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ይች ብረት የሞተሩን ብረት ስትነካ ነው ሙቀቱን ለመርፌዋ የምትናገር» አለ። «እንዲህ ጀቡናችሁ አፏን ዘጋችኋት። ማነው የጠመጠመው?»

አባዬ ወደ እኔ ሳይዞር «እኔ ነኝ» አለ። ክሩን ከመካኒኩ እጅ ተቀብሎ ጠባሳ በያዘው መዳፉ ጨበጠው። መኪናዋን እዚያው ትቷት ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም። ለጥምቀት ሳይደርስ የቀረውን ቀሚሴንም ማንም ሳይጨርሰው ቀረ።

አሁን አባዬ አርጅቷል፤ የምነዳው እኔ ነኝ። የእኔ መኪና ሙቀቷ ሲያልፍ ራሷ ቀይ መብራት ታበራለች፣ ትጮኻለችም፤ እሱ ግን አያምናትም። ዘንድሮ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስወስደው፣ ማንኩሳ ጋ ስንደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየሩን ሲያሸት አየሁት።

«እናትሽ ሸተተኝ ብላ ነበር» አለ። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለዚያ ቀን ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

መኪናዋን ዳር አስያዝኳት። «አባዬ፣ ክሩን የጠመጠምኩት እኮ እኔ ነኝ» አልኩት። ለመናገር ሃያ ምናምን ዓመት ፈጅቶብኛል።

«እኔ ነኝ» አለኝ፣ ልክ እንደዚያን ዕለት፣ ወደ እኔ ሳይዞር። ያ ያኔ የተላጠ እጁ በመሃላችን ባለው ባዶ ቦታ ላይ አርፎ ነበር፤ እኔም መንገዱን ቀጠልኩ። ያኔ ለሦስት የሚጠበን ጋቢና አሁን ለሁለታችን ሰፍቶናል።