ከጣሪያው ሥር ያለችው ክፍተት

ጋሽ ሰይድ የአባታቸውን አሮጌ ቤት እያሳደሱ ነውና ባለፈው ሳምንት አስጠሩኝ። ስደርስ ለሳኞቹ መሰላል ላይ ነበሩ። እንደ ልማዳቸው ትከሻዬን ይዘው፣ «ሚስቴንና ልጄን ያተረፈልኝ ሰው ይኼ ነው» ብለው አስተዋወቁኝ። አንዱ ለሳኝ ከጣሪያው ሥር ወዳለችው፣ በቀርከሃ ወደተጠላለፈችው ክፍተት እየጠቆመ፣ «እሷንስ እንድፈናት?» አለ። ቀና ብዬ አየኋት።

ያ ነገር ሲሆን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የጥገና ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ ሬዲዮና የኤሌክትሪክ ምድጃ እየፈታሁ፣ የፈታሁትን በደብተር እየሣልኩ ነው የለመድኩት። ብዙ አላወራም ነበር፤ የለካሁትን ነገር ግን ሁለት ጊዜ ሳልለካ አልተውም።

የከተማችንን የቆሰበርን ሐምሌ ያየ ያውቀዋል። በዘንገና ሐይቅ በኩል የሚመጣው ጉም ረፋድ ላይ እንኳ ከደጅ አይነሣም፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ እርጥብ ነው፤ የጭቃ ቤት ግድግዳ ያልበዋል። የጋሽ ሰይድ ሚስት ዘይነባ የመጀመሪያ ልጇን በዚሁ ቤት የወለደችው በዚያ ወር ነበር። አራስን ብርድ ከመታት ዕድሜዋን ሁሉ አይለቃትም ይባላል። ጋሽ ሰይድ ከሰሉን ከቤት አስወጥተው በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሊተኩት ፈለጉና ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ።

ሦስት ቀን ሠራሁ። ለማሞቂያው ብቻ አዲስ መስመር ዘረጋሁ፤ የተቀደደውን የአቡጄዲ ኮርኒስ በችፑድ ቀየርኩ፤ የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በጭድና በጭቃ ሞላሁ፤ የበሩን ሥር በላስቲክ ሸፈንኩ። ከዚያ ክብሪት እየጫርኩ ማዕዘን ለማዕዘን ዞርኩ። ነበልባሉ ካዘነበለ እዚያ ጋ ንፋስ አለ ማለት ነው። በመጨረሻ የሚያዘነብለው በአንድ ቦታ ብቻ ሆነ፤ በዚያች ክፍተት በኩል።

የጋሽ ሰይድ እናት እማማ ፋጡማ ድንች እየላጡ ያዩኝ ነበር።

«የዛሬ ልጅ! ክብሪት ይዞ ብርድ ይፈልጋል!» ብለው ሳቁ። ጭቃ ይዤ ወደ ላይ ስወጣ ግን ሳቁን ተዉት። «እሷን ተዋት ልጄ።»

«ለምን እማማ? ብርዱ የሚገባው እኮ በእሷ ነው።»

«የነበረች ናት፤ ተዋት።»

ምክንያት ስጠብቅ ወደ ድንቻቸው ተመለሱ። እኔ ደግሞ ያለ ምክንያት የሚነገረኝን ነገር አልቀበልም ነበር። ከእንግዲህ ከሰል አይገባም ብዬ ከውጭም ከውስጥም ደፈንኳት። የመጨረሻውን ክብሪት ስጭር ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። በቆሰበር መብራት እንደሚጠፋ የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። የብየዳ ብረቴን ለማጋል ከሱቄ ደጃፍ ላይ ከሰል አቀጣጠልኩ። ጎረቤቴም ማንደጃዋን ደጅ አውጥታ እያራገበች ነበር። ከሰሉ ሲቀላላት አንሥታ ወደ ቤት ገባች፤ በሯንም በብርዱ ምክንያት ዘጋች።

የተዘጋውን በር እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ማሞቂያው አሁን አይሠራም። ታዲያ አራሷን በምን እያሞቋት ነው?

ለጋሽ ሰይድ ስልክ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ያገኘሁት ባጃጅ መንገዱ መሐል ጭቃ ያዘውና ወርጄ ሮጥኩ። ጉሙ ከአሥር እርምጃ በላይ አያሳይም። በዚያ ጉም ውስጥ ዓይኔ ላይ የነበረው ያ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበልባል ብቻ ነው። ጭሱ በየት ይወጣል? እያንዳንዱን ስንጥቅ አስታወስኩ፤ አንድም አላስተረፍኩም።

በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። «ዘይነባ!» አልኩ። ዝም። የሕፃን ድምፅ እንኳ የለም። አራስ ያለችበት ክፍል ባዕድ ወንድ ሰተት ብሎ አይገባም። እውነቱን ለመናገር፣ እጄን አንሥቼ የቆምኩባት ያቺ ቅጽበት እስከ ዛሬ ታስፈራኛለች። በርሜል ላይ ወጣሁና የደፈንኩትን ጭቃ በቡጢ መታሁት። ገና አልደረቀም ነበር፤ ክንዴ በቀርከሃው መሐል እስከ ክርኔ ገባ። ስስበው የሞቀ፣ የከበደ አየር ፊቴን መታኝ። ደግሜ ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ያን ጊዜ ወርጄ በሩን በትከሻዬ ሰበርኩት።

ዘይነባ ከሰል ከቀላበት ማንደጃ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ተከፍቷል፤ መነሣት ግን አልቻለችም። «ራሴ...» አለች። ሕፃኗን ከጎኗ አነሣሁ። እንደ እርጥብ ጨርቅ እጄ ላይ ተንጠለጠለች። ወደ ካፊያው ይዣት ወጣሁ።

እማማ ፋጡማ ያልተፈጨ እህላቸውን ይዘው ከወፍጮ ቤት እየተመለሱ ነበር፤ መብራት ቢጠብቁ ቢጠብቁ አልመጣ ብሏቸው። እኔን ከነሕፃኗ ዝናብ ላይ ሲያዩ እህሉን ጣሉት።

«አንተ እብድ! ልጅቱን በብርድ ልትገድላት ነው?»

ያኔ ሕፃኗ አለቀሰች። እንደዚያ ያለ የሚያምር ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ዘይነባን ሁለታችን ጎትተን ደጅ አወጣናት፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። በሁለተኛው ቀን ሁለቱም በእግዜር ፈቃድ ደኅና ሆነው ተመለሱ።

እማማ ፋጡማ ግን ያን ዕለት፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ቀና ብለው የፈረሰውን ጭቃ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ከፈትካት?»

«ከፈትኳት እማማ።»

የደፈንኳት እኔ መሆኔን ለልጃቸው አልነገሩም። ጋሽ ሰይድ ለሰው ሁሉ ያተረፈልኝ እያሉ ሲያወሩ እሳቸው ድንች እየላጡ ይሰሙ ነበር። እኔም እውነቱን ደበቅሁ። ምስጋናው በተነሣ ቁጥር ዓይናቸውን እሸሽ ነበር፤ አንድ ቀን ይናገሩ ይሆን እያልኩ። ሳይናገሩ አምና አረፉ።

ባለፈው ሳምንት ለሳኙ መልስ እየጠበቀ ነበር። ጋሽ ሰይድም «በላ ንገረው፤ አንተ ነህ የምታውቀው» አሉኝ።

«አትደፈንም» አልኩ። «ያኔ ክፍተቷን የደፈንኳት እኔ ነበርኩ፣ ጋሽ ሰይድ። እናትዎ ተዋት ብለውኝ ነበር፤ አልሰማሁም።»

ለሳኞቹ እጃቸው ቆመ። ትከሻዬ ላይ የነበረው የጋሽ ሰይድ እጅ መቼ እንደተነሣ አላወቅሁም።

«ልካት» አሉ በመጨረሻ። «ሲለሰን ልኳ እንዳይጠፋ።»

መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ሁለት መዳፍ ከጣት ነች። ደጋግሜ ለካሁ፤ ወደ ታች ለማየት ፈርቼ። ስመለከት ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። በሁለት እጃቸው ግን መሰላሉን ይዘውልኛል፤ እስክወርድ ድረስ አልተነቃነቀም።