ጀርመንኛ ለጠዋት፣ ፈረንሳይኛ ለመንገድ

ጅዳ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። ከበሽተኛ ጋር በዐረብኛ፣ ከሐኪሞቹ ጋር በእንግሊዝኛ፣ ቤት ከባለቤቴ ጋር በአማርኛ ሳወራ እውላለሁ። ይኼ ሳይበቃኝ ነው ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ አንድ ላይ የጀመርኩት። የቋንቋ ፍቅር ይዞኝ አይደለም። ኮንትራታችን ይታደስ አይታደስ ስለማይታወቅ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ሁሉ መውጫ ይፈልግ ነበር። ጀርመን አገር ነርስ ትፈለጋለች ሲባል ሰማሁ። ፔትሮሚን ጋራዥ የሚሠራው ባለቤቴ ደግሞ ልቡ ካናዳ ነው፤ እዚያ ያለው ወንድሙ፣ ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው ቶሎ ይገባል ብሎታል።

"አንቺ ጭንቅላት አለሽ፤ ሁለቱንም ያዣቸው። የቀናን ጋ እንሄዳለን" አለኝ።

እንዳይደባለቁብኝ ደንብ አወጣሁ። ጀርመንኛን ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ጃሚዓ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አጠናለሁ። ፈረንሳይኛን መንገድ ላይ ብቻ፣ በጆሮ ማዳመጫ። አንዱን በሌላው ቦታ አልነካም። ለጥቂት ጊዜ ሠራልኝ። ድካሙ ሲጠራቀም ግን ደንቡም እኔም ላላን።

አንድ ቀን ሕንዳዊው ሐኪማችን ከክፍሉ ብቅ ብሎ፣ ቀጣዩ በሽተኛ የት እንዳለ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። እሱ "ዌር" ማለት አይሆንለትም፤ "ቬር" ነው የሚለው። "ቬር" ደግሞ በጀርመንኛ "ማን" ማለት ነው። የበሽተኛውን ስም ነገርኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። ከነአባቱ ስም ደገምኩለት።

"ሲስተር፣ ለመሆኑ ማታ ተኝተሻል?" አለኝ።

አልተኛሁም ነበር።

መካ የእናቴ ታላቅ እህት አሉ። ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው፣ እዚያው አግብተው ወልደው፣ ባላቸውንም እዚያው ቀብረው የኖሩ ሴት ናቸው። ልጃቸው በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች፤ መካ ተወልዳ ያደገች፣ ከዐረብኛ በቀር የማትናገር። እናቷን ስትሮክ መቷቸው ከሆስፒታል በወጡ በሳምንቱ ደወለችልኝ።

"እናቴ ትናገራለች፣ ግን ምን እንደምትል አላውቅም። አላህ ይስጥሽ፣ ነይልኝ" አለችኝ በዐረብኛ፣ እያለቀሰች።

ጁምዓ ዕረፍቴ ስለሆነ ሄድኩ። የአክስቴ ቀኝ ጎን አልታዘዝ ብሏል። ዕድሜ ልካቸውን የተናገሩት ዐረብኛ ጠፍቶ፣ የልጅነት አማርኛቸው ብቻ ቀርቷል። ሐኪሙ፣ ቀስ እያለ ሊመለስ ይችላል ብሏል። ልጅቷ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ ትለምናቸዋለች፤ እሳቸው አፋቸውን ግጥም አድርገው ዘግተዋል።

"አክስቴ፣ ምን ይሻሉ?" አልኳቸው።

"ወተት እኮ ነው ያልኳት! ሞቅ ያለ ወተት። አትሰማም እንዴ?"

ለልጅቷ በዐረብኛ ነገርኳት። ወተቱን እያሞቀች ስታለቅስ ከወጥ ቤት ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጁምዓዬ ሁሉ መካ ሆነ። አውቶቡስ ውስጥ ፈረንሳይኛዬን አዳምጣለሁ። መካ መግቢያ፣ ሹመይሲ አጠገብ ያለው ፍተሻ ጋ ስንደርስ ማዳመጫውን አውልቄ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ አወጣለሁ፤ ከፍተሻው ወዲያ የት እንዳቆምኩ ይጠፋኛል።

አንድ ጁምዓ ልጅቷ "አማርኛ አስተምሪኝ" አለችኝ። አልችልም ልላት ነበር፤ ፊቷን ሳይ አቃተኝ። የምታውቀው አማርኛ በልጅነቷ የታዘዘችውን ብቻ ነው፤ ነይ፣ ብይ፣ ዝም በይ። እናቷ እህል አልቀምስም ባሉ ቀን ማንኪያውን እንደያዘች "ብይ! ዝም በይ!" ብላ ጮኸችባቸው። አክስቴ ቀስ ብለው ዞሩና አዩዋት።

"ይቺ ደግሞ እናቴ ናት እንዴ፣ እንዲህ የምታዘኝ?" ብለው በዚያ በተጣመመ አፋቸው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ አይተናቸው አናውቅም።

ስለዚህ ከአክብሮቱ ጀመርን፤ ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ይነሡ።

"እናቴ አንድ ናት፤ ለምንድን ነው እንደ ብዙ ሰው የማናግራት?" አለችኝ።

"ስለምታከብሪያት" አልኳት። ከዚያ በላይ ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም።

የጀርመንኛ ፈተናው በዚህ መሀል ደረሰ። የጽሑፉን እንደምንም ሠራሁ። በቃል ፈተናው ፈታኟ የዕረፍት ቀኔን እንዴት እንደማሳልፍ ጠየቀችኝ። ቀላል ጥያቄ ነበር። ስለ አክስቴ ልነግራት ጀመርኩ። አክስት በአንደኛው ቋንቋ "ታንተ"፣ በሌላው "ታንት" ናት፤ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ድንገት ጠፋብኝ። "ማለቴ" ልል "የዕኒ…" አልኩ በዐረብኛ። ቀጥዬ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። መጨረሻ ላይ "ኻላስ"፣ በቃ፣ ማለቴን ግን አስታውሳለሁ፤ ፈታኟ ብዕሯን አስቀመጠች።

ወደቅሁ። ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት።

"ፈረንሳይኛው ይቅር" አልኩት።

"እንዴት ይቀራል? ወንድሜ እኮ…"

"እንግዲያው አንተ ተማረው።"

አኮረፈ፤ ግን ጀመረው። ከጋራዥ ሲመለስ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንደሰካ ሶፋው ላይ ያንቀላፋል። አንድም ቀን ቀስቅሼው አላውቅም።

እኔ ጀርመንኛውን ብቻ ይዤ ከወራት በኋላ ደግሜ ተፈተንኩ። ለጥቂት አለፍኩ። ባለቤቴ እቅፍ አድርጎ ሳመኝ፤ እኔ ግን ደስታው እንኳ ጉልበት የሚጠይቅ ሆኖብኝ ቁጭ አልኩ። የጀርመን ጉዞ ወረቀቱ ገና አላለቀም።

ባለፈው ጁምዓ ጠዋት ልብሴን ለብሼ፣ ዓባያዬን ደርቤ ልወጣ ስል ልጅቷ ደወለች። እንደ ሁልጊዜው በዐረብኛ ስጠብቃት በአማርኛ ጀመረች።

"ዛሬ አትምጪ። እማ ሾርባ ፈለጉ። ሠራሁ። በሉ።"

"ማን ነገረሽ ሾርባ እንደፈለጉ?"

"እሳቸው! በአማርኛ ጀመሩ፣ በዐረብኛ ጨረሱ። ገባኝ።"

ከኋላዋ አክስቴ አንድ ነገር ሲናገሩ ይሰማኛል፤ ሁለቱንም ቋንቋ እያጋቡ፣ ቆጣ ብለው። ልጅቷ መልስ ሰጠቻቸውና በዐረብኛ "አየሽ?" አለችኝ።

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ። ስልኩን ዘግቼ፣ ዓባያዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር አዛን ሲል ነው የነቃሁት።